ልጅን ጤና ጣቢያ ወይስ የግል ክሊኒክ?

ሁለቱንም ልጆቼን አራት ኪሎ አካባቢ ነው ያሳደግኩት፤ ሁለቱንም አማራጭ አይቻለሁ።

ለክትባት ጤና ጣቢያን የሚያህል የለም። ነፃ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር እያሉ ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ይጽፉላችኋል። በ9 ወሩ ነርሷ የልጄን ክንድ በባለቀለም ሜትር ለካች። አረንጓዴው ላይ ሲያርፍ፣ ማለትም ልጁ የምግብ እጥረት እንደሌለበት ሲታይ፣ «ጎሽ፣ የኔ እናት!» ያለችኝ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ወረፋው ግን ያደክማል። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ የብዙ ልጆች ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ልጆች እስኪሰበሰቡ መጠበቅ አለ። ምክንያቱን ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት?

የግል ክሊኒክ የሚያስፈልገው ሌሊት ትኩሳት ሲነሳ ነው። ቶሎ ትገባላችሁ፤ ሐኪሙም ተረጋግቶ ያዳምጣል። ክፍያው ግን ኪስ ያራቁታል፤ ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት። አንዴ ለሴት ልጄ ጉንፋን አንቲባዮቲክ ታዘዘልን። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ልብሷን ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። «ሳንባዋ ደህና ነው፤ ጡት አብዢላት» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ተሻላት።