ልጁን እናሠልጥን ወይስ ጓደኞቹን?

ኦቲዝም ያለበት ልጅ በእረፍት ሰዓት ጥግ ይዞ ቆሟል እንበል። አንዱ መንገድ ለብቻው ወስዶ «አብሬያችሁ ልጫወት?» ማለትንና ተራ መጠበቅን ማለማመድ ነው። ጥሩ ነው። ግን ከባለሙያ ጋር የለመደው ሜዳ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ብን ይላል።

ሌላው የክፍል ጓደኞቹን ማሠልጠን ነው፤ ብቻውን የቆመን ልጅ እንዴት እንደሚጋብዙ፣ መልስ ሲዘገይ እንዴት እንደሚታገሡ። የካሊፎርኒያዋ ተመራማሪ ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ ሁለቱን በ60 ልጆች ላይ ለ6 ሳምንት አነጻጽረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ጓደኞችን ማሠልጠኑ በለጠ፤ ሜዳ ላይ ብቻ መቆም ቀነሰ።

እኔም ከጓደኞቹ እጀምር ነበር፤ የልጁን ስም ሳልጠራ፣ መጠቋቆሚያ እንዳይሆን። ገና አፉን ላልፈታ ልጅ ግን የመጀመሪያውንም አልተውም፤ «ና» ሲሉት የሚመልስበት ምልክት ወይም ሥዕል ያስፈልገዋል።