የልጄን የፊት ጥርሶች ላተረፈችልን ሐኪም ምስጋና

ሰላም ወላጆች። ዛሬ አንዲት የልጆች ጥርስ ሐኪም ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው። የምትሰራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶቹ ተበልተው ነበር። በመጀመሪያ ድዱ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ታየ፣ ከዚያ ቡኒ ሆነ፣ ቀጥሎ ጫፋቸው ይፈረፈር ጀመር። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ያለቅሳል። ዳቦ ስሰጠው በፊት ጥርሱ መግመጥ ትቶ በጎን እየጎተተ ነበር የሚበላው። ዘመድ ሁሉ «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ ይወድቃል፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይለኛል። መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክም ገና አፉን ከፈት አድርጎ እንዳየው «አራቱም ይነቀሉ» አለን።

እሷ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችን። የላይኞቹ የፊት ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት በ7 እና በ8 ዓመት ገደማ ነው። አሁን ቢነቀሉ ልጁ አራት ዓመት ያህል ያለ ፊት ጥርስ ሊቆይ ነው፣ ያውም አፉን በሚፈታበትና ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ። ዝም ብሎ መተውም አይሆንም፤ ቋሚው ጥርስ ከሥር እየተሠራ ስለሆነ ኢንፌክሽኑ ከጠና እሱንም ሊጎዳው ይችላል። ለምን ላይኞቹ ብቻ እንደተበሉ ስጠይቃትም ነገረችኝ። ልጅ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ሲወስደው ወተቱ ላይኞቹ ላይ ይቀራል፣ ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። ታችኞቹን ምላስ ሸፈን ያደርጋቸዋል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ ለዚህ ብቻ እንኳን ባመሰግናት አይበዛም።

ምርመራውን ብታዩት! ወንበሩ ላይ አላስተኛችውም። እኔና እሷ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን። እግሮቹ በወገቤ ግራና ቀኝ፣ ጭንቅላቱ እሷ ጭን ላይ ሆኖ ሽቅብ የኔን ፊት እያየ ነው የታየው። «በል አባቴ፣ ጥርሶችህን አብረን እንቁጠር» አለችው። አንድ፣ ሁለት እያለች ስትነካካ እሱም ቁጥር ስለሚወድ አብሯት መቁጠር ጀመረ። ለቅሶው እዚያው ቆመ።

ሥራውን ቶሎ እንጨርስና እንገላገል አላለችም፣ እንደ ልጁ አቅም ከፋፍላ ነው የሠራችው። ከመርፌው በፊት ድዱን የሚያደነዝዝ ጄል ትቀባዋለች። የተበላውን ጠርጋ ካወጣች በኋላ በየጥርሱ ልክ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቅርፊት መረጠች፣ ውስጡን የጥርስ ቀለም ባለው ኮምፖዚት በሚባል የጥርስ መሙያ ሞላች፣ ጥርሱ ላይ አጠለቀችና በሰማያዊ መብራት አጠነከረችው። ከዚያ ፕላስቲኩን ላጥ ስታደርገው ከሥሩ ሙሉ ነጭ ጥርስ ብቅ አለ። እኔ እዚያው እንባዬ መጣ። የአንደኛው ጥርስ መበላት ነርቩ ድረስ ስለደረሰ ውስጡን አጽድታ በመድኃኒት ሞላችው። መድኃኒቱ የወተት ጥርሱ ሥር ሲሟሟ አብሮ የሚጠፋ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ለቋሚው ጥርስ መንገድ አይዘጋም።

የወደድኩላት ሌላው ነገር የማይሆነውን አይሆንም ማለቷ ነው። ጥርሱ ድዱ ድረስ አልቆ የሚያያዝበት ካልቀረ፣ ወይም መግል ቋጥሮ ሥሩ ከተበላሸ መንቀሉ ይሻላል ብላ በግልጽ ትናገራለች። ይህ ሥራ ሊሰበር እንደሚችልም ከመጀመሪያው ነግራናለች፤ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አጥንት በፊት ጥርሱ እንዳይነክስ አስጠንቅቃናለች። ሂሳቡም ቀላል አይደለም፣ ግን የእያንዳንዱን ጥርስ ዋጋ ገና ሳትጀምር ጽፋ ነው የሰጠችን። በኋላ የተጨመረ ነገር አልነበረም።

ትንንሽ ልጅ ያላችሁ ዛሬውኑ የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ ገና ሳይቦረቦር በፍሎራይድ ቫርኒሽ (ሐኪም ጥርሱ ላይ የሚቀባው መከላከያ) እና በጥሩ ማጽዳት ሊመለስ ይችላል፣ ልጁም ከመርፌ ይተርፋል። እሷ የምትመክረው የመጀመሪያው ምርመራ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው እንዲሆን ነው። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም ከሦስት ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ማታ ከቦረሸ በኋላ ከውሃ ሌላ ምንም።

ዶክተርዬ፣ ይህን ካየሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ልጄ አሁን ሙዙንም ዳቦውንም በፊት ጥርሱ እየገመጠ ነው የሚበላው፣ አያቱ ቤት ስንሄድም «ጥርሴን እዩልኝ» እያለ ለሁሉም ያሳያል።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ደውላችሁ ጠዋት ላይ ቀጠሮ ያዙ፤ ከሰዓት ልጆች ስለሚደክማቸውና ስለሚነጫነጩ እሷም ጠዋቱን ትመርጣለች።