እግሬ አርፎ እንዲያድር ላደረጉት አዋላጅ ነርስ ምስጋና፣ በባሕር ዳር ለምትገኙ ነፍሰ ጡሮችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በእርግዝና ክትትል ክፍል የሚያገለግሉ አንዲት አዋላጅ ነርስን በአደባባይ ለማመስገንና እኔን የገጠመኝ፣ ማታ ማታ እግርን ዕረፍት የሚነሣ ችግር የገጠማት ነፍሰ ጡር ካለች ሳትውል ሳታድር ወደ እሳቸው እንድትሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን የማልጠቅሰው፣ ፈቃድ ስጠይቃቸው «የሠራሁት ደመወዝ የሚከፈለኝን ሥራ ነው፤ ስሜን ተይውና ነገሩን ጻፊው» ስላሉኝ ነው። እንደታዘዝሁት ነገሩን እጽፋለሁ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሆን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። ሰባተኛ ወሬን እንደያዝሁ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ማታ ማታ እግሬን ስም ያጣሁለት ነገር ይሰማኝ ጀመር። ሕመም እንዳልለው አያምም፤ ማሳከክ እንዳልለው የሚታከክ ቦታ የለውም። ከጉልበቴ በታች፣ ከቆዳዬ ሥር በጣም ጠልቆ፣ ጉንዳን በአጥንቴ መካከል እንደሚርመሰመስ ያለ ስሜት ነው፤ እግሬን ካላንቀሳቀስሁት የማይለቅ፣ ሳንቀሳቅሰው ወዲያው የሚተው፣ ተመልሼ ጋደም ስል ደግሞ ካቆመበት የሚቀጥል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ይበረታል። ባለቤቴን በእንቅልፉ መካከል ስንት ጊዜ እንደረገጥሁት እሱ ያውቃል። ከፍራሹ ሥር የወሸቅሁትን አጎበርም በእግሬ እየመታሁ አወጣው ነበር፤ ወባ ባለበት ከተማ የነፍሰ ጡር አጎበር ተከፍቶ ማደሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥጋት ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ስመላለስ ያየኝ የጎረቤት ዘበኛ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ምጥ መጣ እንዴ? ባጃጅ ልጥራ?» አለኝ። «የለም፣ እግሬ ነው» አልሁት። «እግርዎ ምን ሆነ?» ሲለኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

መካሪ አልጠፋም። አማቴ «ብርድ ገብቶሽ ነው» ብለው ባቴን በቅቤ ያሹልኝ፣ ቡናዬንም በጤና አዳም ያጣፍጡልኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «እርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ይሉኛል። ስሙን የማላነሣው አንድ የግል ክሊኒክ ሄሞግሎቢኔን፣ ማለትም የደም መጠኔን፣ ለክቶ 11.6 መሆኑን ካየ በኋላ «የደም ማነስ የለብሽም» አለኝና፣ ለእንቅልፍ ይረዳሻል በሚል አንድ የአለርጂ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑን በወሰድሁባቸው ሌሊቶች ዓይኔ ይከደናል፣ እግሬ ግን አልተኛም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ሲስተርን ያገኘኋቸው በመጋቢት መጀመሪያ ለመደበኛው ክትትል በሄድሁበት ቀን ነው። ሌሎቹ እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ኮሪደሩን ስመላለስበት በበሩ አዩኝ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ካርዴን እንኳ ሳይገልጡ «አንቺ ልጅ፣ አላስቀምጥ ያለሽ ወገብሽ ነው ወይስ እግርሽ?» አሉኝ። ያን ሁሉ ሳምንት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀጥለውም መልሴን አንድ በአንድ እየጠበቁ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺ አንቀሳቅሺ ይልሻል ወይ፣ የሚጀምርሽ ስታርፊ ነው ወይ፣ ስትራመጂ ይተውሻል ወይ፣ ከቀን ይልቅ ማታ ይብስብሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አራቱንም አዎን ስል ሁለቱንም ባቶቼን በእጃቸው ዳስሰው እብጠታቸውን አመሳከሩ፤ ከዚያም ይህ ነገር «የእግር ዕረፍት ማጣት» (በእንግሊዝኛ Restless Legs Syndrome) የሚባል መሆኑን፣ ባትን ጨምድዶ ከሚይዘው የጡንቻ መኮማተርም የተለየ መሆኑን፣ ያኛው ጡንቻውን እንደ ድንጋይ አድርቆ በሕመም የሚቀሰቅስ ሲሆን ይህኛው ግን ጡንቻው ሳይደርቅ እግርን ዕረፍት የሚነሣ መሆኑን፣ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ያህል እንደሚያገኝና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እንደሚበረታ አስረዱኝ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ይህንኑ ሁኔታ መግለጹን፣ ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በዝርዝር ማስቀመጡን በኋላ እኔው አንብቤ ደረስሁበት። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና፣ ስም ያጣሁለት ነገር ከ300 ዓመት በላይ የቆየ መዝገብ እንዳለው ማወቄ ብቻውን ልቤን አሳረፈው።

የደም መጠኔ ደህና ነው መባሌን ስነግራቸው «መሶቡ ላይ እንጀራ አለ ማለት ጎታው ሙሉ ነው ማለት አይደለም» አሉኝ። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የደም ማነስ አለ የሚባለው ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ሲወርድ ነው፤ ሰውነት ግን ሄሞግሎቢኑን ላለማጉደል ያስቀመጠውን ብረት እያወጣ ስለሚጠቀም፣ ፅንሱም ድርሻውን ስለሚወስድ፣ ደሙ ደህና ሆኖ ሳለ ክምችቱ አስቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ክምችቱን የሚለካው ፌሪቲን የሚባል ሌላ ምርመራ ነው። አንጎል ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ለማምረት ብረት ያስፈልገዋልና፣ የብረት ክምችት ማነስ ከዚህ የእግር ችግር ጋር እንደሚያያዝ ነገሩኝ። ምርመራው እዚያ ስለማይሠራ ወረቀት ጽፈው ወደ ሌላ ላኩኝ፤ ውጤቴ 13 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ መጣ። በእርግዝና ጊዜ ከ30 በታች የሆነ እንደ ጉድለት ይቆጠራል።

እኔ የተያዝሁት እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው በነፃ የሚሰጠውን፣ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለበትን ኪኒን ከአራተኛ ወሬ ጀምሮ አንድም ቀን አላስተጓጎልሁም ነበርና፣ «ኪኒንሽን ትወስጃለሽ?» ለሚለኝ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ «አዎን» እላለሁ። ሲስተር ግን «በምን ትውጪዋለሽ?» አሉኝ። ከቁርስ ጋር፣ በሻይ። ከዚያስ? ከዚያማ ቡናው ይቀርባል፤ አማቴ ፊት ደግሞ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሣት ነውር ስለሆነ ቶናውም በረካውም ይከተላል። ሲስተር እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «እንግዲያ ኪኒኑን ስትውጪ የኖርሽው ለቡናው ነዋ!» አሉኝ። በሻይና በቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን ሆድ ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያደርጉት እኔ አላውቅም ነበር፤ የነገረኝም አልነበረም።

የምክራቸው ብልኀት ቡናን አለመከልከላቸው ነው። ተዪ ቢሉኝ ኖሮ እሺ ብዬ ወጥቼ በማግሥቱ እጠጣ ነበር። ኪኒኑን ግን ከቁርስ አርቀው ወደ ረፋዱ 5 ሰዓት አዛወሩት፤ ቢሮዬ ሆኜ በብርቱካን ጭማቂ ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ እንድውጠው፣ ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ ለሁለት ሰዓታት ያህል ሻይም ቡናም እንዳልቀምስ፣ ቡናውንም በቀን ከሁለት ሲኒ እንዳላሳልፍና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳልጠጣ አሳሰቡኝ። ጤና አዳሙን ግን በእርግዝና ጊዜ ማኅፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል ጨርሶ እንድተወው ነገሩኝ። ይህን ለአማቴ እንዴት ብዬ እንደምናገር ስጨነቅ «በሚቀጥለው ቀጠሮ እሳቸውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ፤ ይዣቸው ስሄድም «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን የሚጠብቁልን እርስዎ ነዎት» ብለው በአክብሮት አስቀምጠው አስረዷቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ የቡናዬን ሰዓት የሚቈጣጠሩት አማቴ ሆኑ፤ ከሲስተርም ይልቅ ጥብቅ ናቸው።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ሲስተር በጾሙ ጉዳይ ራሳቸው አልፈረዱም፤ ሥጋና እንቁላል ውስጥ ያለው ብረት ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ ነግረውኝ «ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ» አሉኝ። ንስሐ አባቴም ሳያቅማሙ ፈቀዱልኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዤ እንድመጣ አዝዘውኝ ስለነበር ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍሁላቸው። ከክሊኒኩ የተሰጠኝን የአለርጂ ኪኒንና ለማቅለሽለሽ ስወስደው የቆየሁትን፣ ብዙዎቻችን ፕላሲል የምንለውን ሜቶክሎፕራማይድን ለይተው ወደ ጎን አደረጉ። እንቅልፍ የሚያመጡ የቆዩት የአለርጂ መድኃኒቶችና ይህ የማቅለሽለሽ መድኃኒት የእግሩን ችግር እንደሚያባብሱት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ያም ሆኖ በራሳቸው ሥልጣን አላስቆሙኝም፤ ደብዳቤ ጽፈው ወደ ሐኪም ላኩኝ። ሐኪሙም ሁለቱንም አስቁመው፣ የብረት ኪኒኑን ለጊዜው በቀን ወደ 2 ከፍ አደረጉልኝ። መጠኑ በምርመራ ውጤቴ የታዘዘ ስለሆነ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳትጨምሩ አደራ እላለሁ።

ለሌሊቱ ከሰጡኝ ምክር ለእኔ የሠራው ጥቂት ነው፦ ማምሻውን ፀሐይ ስትበርድ በሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ መራመድ፣ ከመተኛቴ በፊት ግድግዳ ተደግፌ ባቴን ማሳሳብ፣ እግሬን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ መታጠብ፣ በጎኔ ተኝቼ በጉልበቶቼ መካከል ትራስ ማድረግ። ሌላ ሰው ለብ ያለ ውኃ ሊሻለው ይችላል፤ ለእኔ ግን በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት የሚታሰብ አልነበረም።

ለውጡ በአንድ ጀምበር አልመጣም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያተረፍሁት የሆድ ድርቀትና የጠቆረ ሰገራ ነበር፤ ሲስተር አስቀድመው ስለነገሩኝ ግን አልደነገጥሁም። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሳልነሣ ያደርሁበት የመጀመሪያ ሌሊት መጣ። ከዚያ በኋላም በሳምንት አንድ ሁለቴ ይመለስብኝ ነበር፤ ፈጽሞ የለቀቀኝ በወለድሁ በሳምንቱ ነው። ባልደረቦቼም በዚህ አልተሳሳቱም፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳልተኛ እንድጠብቅ መፍረዳቸው ግን ልክ አልነበረም።

ሲስተር ደጋግመው ያስጠነቀቁኝንም ላስተላልፍ። አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ካመመ፣ ወይም ፊትና እጅ አብጦ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ያ የእግር ዕረፍት ማጣት ስላልሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የጤና ጣቢያውን ስምና ሲስተር የሚገኙባቸውን ቀናት በውስጥ መስመር ለምትጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል፤ አግዳሚ ወንበሩም ጠባብና የማይመች ነው፤ ይህ ብቻ ነው ቅሬታዬ። ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባህላዊውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ በምን እንደምትውጡትም አስባችሁ ግቡ፣ መጠየቃችሁ አይቀርም።