ቅጹ ላይ ያልጻፍኩት፦ ስለ አንድ የቅድመ ጋብቻ ምክር አገልግሎት

በመጨረሻው ቀጠሯችን የአስተያየት መስጫ ቅጹን ስሞላ አማካሪዋ ፊት ለፊቴ ቆመው ቡና ያቀርቡልኝ ስለነበር፣ ከላይ እስከ ታች «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን አክብቤ ፈረምኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ይሉኝታ ሲመከር የቆየ ሰው እንዲህ ማድረጉ ስላሳፈረኝ፣ ትክክለኛውን ግምገማ እዚህ አሰፍራለሁ።

አገልግሎቱ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የምክር ቢሮ ሊጋቡ ለተዘጋጁ ጥንዶች የሚሰጥ ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ስድስት ቀጠሮ አለው። ክፍያው ለሠርግ ጥሪ ካርድ ካወጣነው ያነሰ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ሁለተኛው ቀጠሮ ነበር። ለየብቻችን ወረቀት ተሰጥቶን፣ «ምንም አይደለም» ብለን ያለፍነውን ነገር ግን ሆዳችን ውስጥ የቀረውን እንድንጽፍ ተጠየቅን። እጮኛዬ የጻፈችው ሦስት መስመር ብቻ ሲሆን የመጀመሪያው ስለ ጥሬ ሥጋ ነበር። ለሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ሥጋ ቤት እየወሰድኩ፣ «በሞቴ» እያልኩ በአዋዜ ያጎረስኳት ሁሉ ለካ በአምቦ ውኃ እየተገፋ ነበር የሚወርደው። እኔም ደስ የሚላት መስሎኝ፣ ደክሞኝ መተኛት ባማረኝ ቀን እንኳ ቀርቼ አላውቅም። ስቀን ሳንጨርስ ሦስተኛው መስመር ተነበበ፦ ለወንድሜ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ ከሌላ ሰው መስማቷን ጽፋ ነበር።

አማካሪዋ ይሉኝታን በጅምላ አለማውገዛቸውን ወድጄላቸዋለሁ። እንግዳ ርቦት «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ቢል ባለቤቱ ነገሩን ስለሚያውቀው ደጋግሞ ይለምነዋል፤ ማንም አይታለልም። አብሮ የሚኖር ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲለምን ሊኖር ስለማይችል፣ «ጠግቤያለሁ» ሲባል እውነት ነው ብሎ ሰሃኑን ያነሳል።

ስለ ገንዘብ የምንነጋገርበት አራተኛው ቀጠሮ በሩጫ አለፈ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ወይም በዕለቱ ስለ ንብረታቸው በጽሑፍ እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል፤ ለውሉም ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ብዙዎቻችን ይህን የምንተወው ሕጉን ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ «ገና ሳይጋቡ መፋታትን አሰቡ» እንዳንባል ፈርተን ጭምር ነው። ይሉኝታ እንዲህ በከበደበት ጉዳይ ላይ የደረሰን አሥር ደቂቃና አንድ የታተመ ወረቀት ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀጠሮ የእጮኛዬ እናት ተገኝተው፣ ሠርጉ ከአምስት መቶ እንግዳ በታች ከሆነ ከዕድራቸው ጋር እንደሚቀያየሙ ተናገሩ። አማካሪዋ «እናታችንም እውነት አላቸው፣ ልጆቹም እውነት አላቸው» ብለው ዘጉት። እናቲቱ ከወጡ በኋላ ግን በሩ ላይ «እኔ እንኳ ከእናንተ ጋር ነኝ» ብለው በሹክሹክታ ነገሩን። (ከእንግዳ መቀበያው «አሁን ትገባላችሁ» እየተባልን አርባ ደቂቃ የጠበቅንበትም ይኸው ቀን ነው።)

ለሚጋቡ ወዳጆቼ አገልግሎቱን እጠቁማለሁ። ነገር ግን ወላጅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የአምስተኛውን ቀጠሮ ጊዜ ለገንዘቡ ጉዳይ እንዲያውሉላችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኛ ስለ ውሉ መነጋገር የጀመርነው ወረቀቱን ይዘን ቤት ከገባን በኋላ ነው፣ እስካሁንም አልጨረስንም።