ለካርፕ የትኛው ንፍሮ? በቆሎ፣ ሄምፕ፣ ታይገር ነት እና ሽምብራ ሲነጻጸሩ

ንፍሮ መቀቀል የሚችል ሰው ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ከሚያስፈልገው ዕውቀት ግማሹን ይዟል። እንግሊዝ አገር ዓሣ ማጥመጃ መሸጫ ስትገቡ «ፓርቲክል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ባልዲዎች፣ ብልቃጦችና ከረጢቶች ተደርድረው ታያላችሁ። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ተዘፍዝፎ የተቀቀለ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ስንዴና አተር ነው። እኛ ውሃውን አጥልለን እንበላለን፤ ለካርፕ ግን ውሃው አይደፋም፤ ዓሣውን የሚጠራው ሽታና ጣፋጭነት እዚያ ውስጥ ነውና።

ካርፕ ከንፈሩ ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥሬውን ከጭቃው ጋር ወደ አፉ ስቦ፣ ጭቃውን ተፍቶ፣ የቀረውን እዚያ ይፈጨዋል። ብዙ ትንንሽ ነገር አንድ ቦታ ተበትኖ ካገኘ መሬቱን እየቆፈረ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1980 እንግሊዛዊው ዓሣ አጥማጅ ክሪስ ዬትስ ሬድማየር በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ኩሬ ከ23 ኪሎ በላይ የሚመዝን ካርፕ ሲይዝ፣ በወቅቱ ብሪታንያ ውስጥ ከተያዙት ሁሉ የሚበልጠውን ማለት ነው፣ መንጠቆው ላይ የነበረው የቆርቆሮ በቆሎ ነው። ስለዚህ ውድ ማባበያ ከሌለኝ ትልቅ ዓሣ አልይዝም ብሎ ማንም አይጨነቅ።

በቆሎ፦ ደረቅ ወይስ የታሸገ?

አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ደረቅ በቆሎ ግዙ። ከዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ሳይሆን ከእንስሳት መኖ ወይም ከወፍ ጥሬ መሸጫ በጆንያ ቢገዛ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ሲበስል ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና ከደረቁ የበለጠ ባልዲ ይሞላል። 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ 30 ደቂቃ ያህል በደንብ ይፍላ፣ ከዚያ በገዛ ውሃው ውስጥ ይቀዝቅዝ። አንድ ቀን ተከድኖ ቢያድር ይበልጥ ይጣፍጣል። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ትንንሽ ዓሦች በቀላሉ አይጨርሱትም፣ ሩቅ ሲወረወርም ከመንጠቆው አይወድቅም።

የታሸገው ጣፋጭ በቆሎ በተቃራኒው ለስላሳ ነው። ቆርቆሮው ተከፍቶ ያለምንም ዝግጅት ይጣላል፣ ቢጫነቱ ከሩቅ ይታያል፣ ከሥራ በኋላ ለሁለት ሰዓት ወደ ውሃ ለሚወጣ ሰው ከእሱ የሚመች የለም። ችግሩ ኩሬው ውስጥ ያለ ዓሣ ሁሉ ይወደዋል። የጣት ርዝመት ያላቸው ዓሦች ብዙ ባሉበት ውሃ ካርፑ ሳይደርስ ያልቃል።

ደረቅ በቆሎ ስትገዙ ግን ለዘር የተዘጋጀ አለመሆኑን አረጋግጡ። የዘር በቆሎ ብዙ ጊዜ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት ታሽቶ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ይቀባል። በምንም ዓይነት ውሃ ውስጥ አይጣልም።

ሄምፕ

ትንሽ፣ ጥቁር፣ ቅባት የበዛበት ዘር ነው። መንጠቆ ላይ ለማድረግ ያንሳል፤ ሥራው ካርፑን ጠርቶ ማቆየት ነው፤ ለዚያም ከአራቱ የሚወዳደረው የለም። 12 ሰዓት ያህል ተዘፍዝፎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቀቀል ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። ያኔ በስሏል። ጋዝ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ማታ ፔርሙዝ ውስጥ እስከ ግማሹ ሄምፕ ጨምሮ የፈላ ውሃ ቢሞላበት ጠዋት ደርሶ ያገኘዋል። ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ሲያብጥ ቦታ ያጣል።

ሄምፕን የምወደው ለአንድ ነገር ነው። ካርፑ ከሥር መቆፈር ሲጀምር ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣና ነፋስ በሚያንቀሳቅሰው ውሃ ላይ እንደ መስታወት የተኛ ቦታ ይሠራል። ዓሣው ሳይዘል፣ ሳይታይ፣ እዚያ እየበላ መሆኑን ታውቃላችሁ። ያንን ምልክት መጀመሪያ ያየሁ ቀን እስኪመሽ ዓይኔን ከውሃው አልነቀልኩም።

ይህ ጥቅሙ ጉዳትም አለው። በጣም ከበዛ ካርፑ በጥቃቅኑ ዘር ይጠመድና ሌላ ነገር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ስለዚህ ሄምፕ ምንጣፍ ይሁን፣ በላዩ ሁለት ፍሬ በቆሎ ወይም አንድ ታይገር ነት ይቀመጥ። ፍሬው መንጠቆው ላይ አይወጋም፤ ከመንጠቆው ሥር በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ካርፑ ፍሬውን ስቦ ሲተፋው ባዶው መንጠቆ ከንፈሩን ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሄምፕ የካናቢስ ተክል ዘር ነው። ብሪታንያ ውስጥ እንደ ወፍ ምግብ በይፋ ይሸጣል፤ ወደ አገር ቤት ወይም ወደ ዐረብ አገር ሻንጣ ውስጥ ግን አትክተቱት።

ታይገር ነት

ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት፣ እኔ ደግሞ ቆጥባችሁ ግዙ የምለው ይህን ነው። ለውዝ ቢባልም የሣር መሰል ተክል ሥር ላይ እንደ ድንች የሚያብጥ ፍሬ ነው፤ የስፔኗ ቫሌንሲያ ሰዎች ኦርቻታ የሚባለውን መጠጥ የሚጨምቁት ከእሱ ነው። ጣፋጭና ጠንካራ ነው፤ ትንንሽ ዓሣ አይነካውም፣ መንጠቆ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል። ለመንጠቆ ከሁሉም ይበልጣል ብል አልተሳሳትኩም።

ለመበተን ግን አይሆንም። ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ከጉሮሮው በቀጥታ ወደ አንጀት ይሄዳል። ታይገር ነት ደግሞ በቀላሉ የማይፈጭ ነገር ስለሆነ ብዙው ሳይጠቅመው ይወጣል። ዓሣው ሌላ ትቶ እሱን ብቻ ሲያሳድድ ይከሳል የሚል ስጋት ስላለ ብዙ የእንግሊዝ ኩሬዎች ይከለክሉታል ወይም መጠኑን ይወስናሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ባልዲ በትኜ ሌሊቱን ሙሉ አንድም ዓሣ አልነካኝም፤ ዛሬ ሃያ ፍሬ ለአንድ ቀን ይበቃኛል። ቢያንስ 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፍላ፣ ከዚያ ውሃው ዝልግልግ እስኪል ሁለት ቀን ይቆይ። ለሃያ ፍሬ ይህን ሁሉ መድከም ስለማያስፈልግ ተቀቅሎ የተዘጋጀውን ትንሽ ብልቃጥ መግዛት ይሻላል።

ሽምብራ እና ኦቾሎኒ

ሽምብራ በየሱቁ አለ፣ ቶሎ ይበስላል፣ ሌሎች አጥማጆች እምብዛም ስለማይጠቀሙበት ካርፑ አይጠራጠረውም። አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከበለጠ ይፈርሳል፣ መንጠቆ ላይም አይቆይም። በበርበሬ ወይም በእርድ ውሃ ቀቅለው ቀለም የሚሰጡትም አሉ። ኦቾሎኒን ግን ተዉት። ሻጋታ የሚያመጣው አፍላቶክሲን ዓሣንም ይጎዳል፤ ብዙ ኩሬዎችም አይፈቅዱትም።

በደንብ ያልተቀቀለ እህል ዓሣን ይገድላል

ይህን ማንም ቸል እንዳይል እለምናለሁ። በደንብ ያልተዘፈዘፈና ያልተቀቀለ ደረቅ ጥሬ ካርፑ ውስጥ ከገባ በኋላ ማበጡን ይቀጥላል። አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በጣት ጨፍልቁ፤ መሀሉ ደረቅና ዱቄት ከሆነ ድስቱ እሳት ላይ ይመለስ። መቀቀያ ቦታም ጊዜም የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ የጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ፣ ደረቁን ርካሽ ነው ብሎ አይግዛ፤ የታሸገ በቆሎና የተዘጋጀ ሄምፕ ቆርቆሮ ይግዛ። ትንሽ ቢወደድም የያዛችሁት ዓሣ በሕይወት ወደ ውሃው ይመለሳል።

መጠኑ ከውሃው ሙቀት ጋር ይሄዳል። በጋ ላይ ሁለት ኪሎ ንፍሮ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ክረምት ላይ የካርፑ ሰውነት ስለሚቀዘቅዝ አንድ እፍኝ ሄምፕ ከሦስት አራት ፍሬ በቆሎ ጋር ይበቃል። ለመበተን በቅርብ ወንጭፍ ይሠራል። በውሃ የሚሟሟውን ከረጢት ለንፍሮ ብላችሁ አትግዙ፤ እርጥብ ጥሬ ሲነካው እጃችሁ ላይ ይቀልጣል።

አገር ቤትም ቆቃና ዝዋይ ላይ ካርፕ አለ። እዚያ ለሚያጠምድ ሰው ሄምፕም ታይገር ነትም አያስፈልገውም፤ ከገበያ አንድ ጣሳ በቆሎና ግማሽ ጣሳ ሽምብራ ለየብቻ ዘፍዝፎ፣ ለየብቻ ቀቅሎ፣ በአንድ ባልዲ ይቀላቅል።

እንግሊዝ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የኩሬውን ደንብ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ጥሬ ሁሉ ይከለክላል፣ አንዳንዱ እዚያው የተገዛውን ብቻ ይፈቅዳል። ዕድሜው 13 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የዘንግ ፈቃድ የሚባለውን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የተረፈውን ንፍሮ ደግሞ ውሃ ውስጥ ደፍታችሁ አትሂዱ፤ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ለሚቀጥለው ጉዞ ይደርሳል።