የዲዛይን ምርምር መሠረት፦ የሳይመን ስሌት ወይስ የሾን እርሳስ?

አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን በ1969 እ.ኤ.አ. ዲዛይንን ሳይንስ ሊያደርገው ተነሣ፦ ግብ ይወሰናል፣ ገደቦች ይዘረዘራሉ፣ አማራጮች ይፈተሻሉ፤ ምርጡ ካልተገኘ በቂ የሆነው ይወሰዳል። ለድልድይ ምሰሶ ውፍረት ይህ ይሠራል። የሚሰናከለው ግቡ ራሱ ሲያከራክር ነው፤ ሰፈር ሲታደስ ገደቡን የሚጽፈው ማን ነው?

ባለሙያዎች እንዴት እንደሚያስቡ ያጠናው አሜሪካዊ ፈላስፋ ዶናልድ ሾን በ1983 ሌላ መንገድ አሳየ፦ ነዳፊው እየነደፈ ያስባል፤ ለእኛ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው። በሾን ምሳሌ አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ተዳፋት ላይ ትምህርት ቤት ትነድፋለች። ስድስቱ ክፍሎች ለቦታው አነሱባት፤ በ«ኤል» ቅርጽ ሁለት ሁለቱን አጣመረች። ያኔ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ፦ ከሕንፃው ቅርጽ ወደ ክፍሎቹ ትስስር፤ ይህን ለውጥ ቀድሞ የተዘረዘረ ገደብ አይይዘውም። ግን ንድፎቹ በየቀናቸው፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ካልተመዘገቡ፣ ሌላ ተመራማሪ ሊፈትሸው አይችልም። የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ይቀርባል፣ የተጣሉት ረቂቆች ይጠፋሉ።