ቁጠባዬን ባንክ ላስቀምጥ ወይስ ቁጠባና ብድር ማህበር?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ወለዱን ነው። ከዚያ እንጀምር።

ወለድ፦ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች የቁጠባ ወለድ ወለል (ከዚያ በታች መክፈል የማይችሉበት ዝቅተኛ መጠን) አውጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘብ ላይ ግን መደራደር ይቻላል፤ ሳትደራደሩ አትፈርሙ። ማህበር ወለዱን በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ይወስናል። ትርፍ ካለም አባሉ በገዛው ዕጣ (የባለቤትነት ድርሻ) ልክ ክፍፍል ይሰጣል።

ገንዘቡን ማውጣት፦ ባንክ በካርድ ወይም በስልክ ወዲያው። ማህበር ውስጥ መደበኛው ወርሃዊ ቁጠባ ብዙውን ጊዜ አባልነት እስኪለቁ አይነካም።

ስጋት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ባንክ ቢወድቅ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ማህበራት በዚህ መድን ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ። ካላሳዩ ይቅርባችሁ።

ብድር፦ እዚህ ማህበሩ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የቁጠባችሁን እጥፍ አድርጎ፣ በዋስ ያበድራል። ባንክ በአብዛኛው ቤት ወይም መኪና አስይዙ ይላል።

ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ብር ከሆነ ባንክ ይሻላል። ደመወዝተኛ ሆናችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ጠንካራ ማህበር ካለውና ነገ ብድር የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ማህበሩ ያዋጣል።